ውድድር የሚያልቀው ጋራዥ ውስጥ ነው

1-8-4-3-6-5-7-2። ይቺ የአሮጌዎቹ ቼቭሮሌት፣ ዶጅና ፕሊመዝ ቪ8 ሞተሮች ፋየሪንግ ኦርደር ናት፣ ስምንቱ ሲሊንደሮች እሳት የሚያገኙበት ተራ ማለት ነው። ጎዶሎ ቁጥሮቹ ከሾፌሩ አንጻር በግራ ናቸው፣ ሙሉዎቹ በቀኝ። እስቲ ተራዋን ረጋ ብላችሁ እዩዋት፦ 8 እና 4 ተከታትለው በቀኝ ይተኩሳሉ፣ 5 እና 7 ደግሞ ተከታትለው በግራ። ስለዚህ ጭሱ በአንድ ቱቦ ውስጥ እኩል እኩል አይመጣም፣ አንዴ ይደራረባል አንዴ ይሳሳል፣ ያ ማስል ካር (ትልቅ ሞተር የገባበት የድሮ የአሜሪካ መኪና) ቆሞ ሲነሳ ደረት ውስጥ የሚገባው የሚያጉረመርመው ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ሰው ማርሚታው ተቆርጦ ይመስለዋል። ማርሚታው ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ዜማው ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ላይ ነው ያለው፣ ብረቱ ሲሠራ ነው የተወሰነው።

እኔ ሜካኒክ ነኝ። አዲስ አበባ ሙያ ጀምሬ ቨርጂኒያ ላይ ፀጉሬ የሸበተ። ቀን ቀን ፍሬን እቀይራለሁ፣ የታክሲና የኡበር ሾፌሮቻችንን ካምሪና ሲዬና እሠራለሁ፣ ማታና ቅዳሜ ደግሞ የ1970 ፕሊመዝ ደስተር አለችኝ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ)። ቤተክርስቲያን ግቢ፣ ልደት ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የማልጠየቅበት ቦታ የለም። "ሐበሻና የአሜሪካ አሮጌ መኪና ምን አገናኛቸው?" ይሉኛል። አንድ አብሮ አደጌ እንደውም በጣም ከልቡ ተቆርቁሮ "እዚህ መኪና ላይ ያፈሰስከው ብር እኮ አገር ቤት ኮንዶሚኒየም ይገዛ ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይገዛ ነበር። ግን መልሱ አጭር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

እኔ እንደሚገባኝ ማስል ካር የሀብታም መኪና አይደለም፣ የሾፌርም መኪና አይደለም፣ የሜካኒክ መኪና ነው። ደሞዝተኛ ሰው በደሞዙ ገዝቶ፣ ጓሮው ውስጥ በገዛ እጁ ከፋብሪካው የበለጠ ሊያፈጥናት የሚችል መኪና። ሌላው ሁሉ፣ ቀለሙ፣ መስመሩ፣ ጎማ ማጨሱ፣ ከዛ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሙያውን የቀመስኩት ሶማሌ ተራ አካባቢ ነው። ያኔ ስንሠራ የነበረው ቮልስዋገን፣ ፊያት፣ ፔጆ 404፣ በኋላ ደግሞ ላዳ ነው። መለዋወጫ በቀላሉ አይገኝም፣ ስለዚህ አለቃዬ ጋሼ ያለውን ነበር የሚያስተካክለው፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይለካል፣ ቴስታታ (የሞተሩን ክዳን) በመስታወት ላይ አድርጎ በአሸዋ ወረቀት ያስተካክላል፣ ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መሀል የሚገባውን ማሸጊያ) ከወረቀት ቆርጦ ያወጣል። ከሁሉ በላይ ግን ጆሮው። ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ይተክልና እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ከዛ "ሦስተኛው ቫልቭ ነው" ይላል። እኛ ፈትተን ስናየው ሦስተኛው ነው። ሁሌ የሚለኝ አንድ ነገር ነበረ፣ "አንተ ልጅ፣ እጅህን አታስቀድም፣ መጀመሪያ ጆሮህን ስጣት።"

ካርቡራተርን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ማለቴ ነው፣ ያስተማረኝ የአዲስ አበባ አየር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ነው ያለው፣ አየሩ 20 በመቶ ገደማ ስስ ነው። ቤንዚኑን እንዳለ ከለቀቅከው ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው (እሳቱን የሚፈነጥቀው) ይጠቁራል፣ ስለዚህ ጂግለሩ፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ፣ ጠበብ ማለት አለበት። እሺ፣ እንደዛ አስተካክለህ የለቀቅካት ፔጆ ደግሞ አዋሽ ወይ ድሬዳዋ ስትወርድ አየሩ ይወፍርና ቤንዚኑ ያንሳታል፣ ትግላለች፣ ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣና ይጮህብሃል። ጋሼ መንገደኛ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ወዴት ነው የምትሄደው?" ብሎ ነበር፣ ከዛ ነው ኮፈኑን የሚከፍተው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሜሪላንድ ላይ የድራግ ሬስ (በአጭር ቀጥ ያለ ሜዳ የሚደረግ ውድድር) ሰዎች ባሮሜትርና የእርጥበት መለኪያ ይዘው ካርቡራተር ሲያስተካክሉ ሳይ፣ ይኼን ነገር እኔ አውቀዋለሁ ነው ያልኩት፣ ጋሼ ያለምንም መለኪያ ያደርገው የነበረው ነገር ነው።

ስለ መኪኖቹ ትንሽ ላውራ፣ ታሪኩ ደስ ስለሚል። ብዙ ሰው የማስል ካር ዘመን በ1964 ጀመረ የሚለው በፖንቲያክ ጂቲኦ ምክንያት ነው። ያኔ የፖንቲያክ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ መካከለኛ መኪና ውስጥ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ የሆነ ሞተር እንዳይገባ ደንብ ነበረው። የፖንቲያክ ዋና ኢንጂነር ጆን ዴሎሪያንና ጓደኞቹ ምን አደረጉ፣ ባለ 389 ኪዩቢክ ኢንቹን ትልቅ ሞተር ቴምፔስት የሚባለው መካከለኛ መኪና ውስጥ እንደ አዲስ ሞዴል ሳይሆን ደንበኛው ሲፈልግ ጨምሮ እንደሚያዘው ተጨማሪ እቃ አድርገው፣ ጂቲኦ ብለው አስገቡት። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 32,450 ተሸጠ። ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው፣ ትልቅ ሞተር፣ ቀለል ያለ መኪና፣ ወጣት የሚችለው ዋጋ። ከዛ ሁሉም ተከተለ።

በዛው ዓመት የፕሊመዝና የዶጅ አምራች ክራይስለር 426 ሄሚ የሚባለውን ሞተር ዴይቶና 500 ወደሚባለው ትልቅ ውድድር ይዞ መጣ። የሄሚ ቴስታታ ውስጡ ግማሽ ክብ ነው፣ ቫልቮቹ ፊት ለፊት ተያይተው ይቆማሉ፣ ስለዚህ ትልልቅ ቫልቭ ይገባል፣ አየሩም ብዙ ሳይጠማዘዝ ገብቶ ይወጣል። ሾፌሩ ሪቻርድ ፔቲ በፕሊመዝ አሸነፈ፣ ሁለተኛና ሦስተኛም የወጡት ፕሊመዞች ናቸው። በ1966 ይኸው ሞተር መንገድ ለሚነዳ መኪና በ425 የፈረስ ጉልበት ተሸጠ። ሰኞ ሥራ የምትሄድበት መኪና ውስጥ የውድድር ሞተር ማለት ነው። ይኼ ነገር ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

ያ ዘመን ብዙ አልቆየም። ኢንሹራንስ ለወጣቶች ጣራ ነካ፣ የ1970ው የአየር ንጽህና ሕግ መጣ፣ በ1971 ጄኔራል ሞተርስ ሞተሮቹን ዝቅተኛ ኦክቴን ቤንዚን እንዲበቃቸው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን እመቃ) ቀነሰባቸው፣ በጥቅምት 1973 ደግሞ የዓረብ አገራት ነዳጅ ማዕቀብ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የዛ የነዳጅ ቀውስ ወላፈን እኛም አገር ደርሷል። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፣ ከመምህራኑና ከወታደሩ ጥያቄ ጋር ሆኖ የመጣው አብዮት ነው። ጋሼ ያኔ ገና ተለማማጅ ልጅ ነበር፣ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ታክሲዎቹ ተደርድረው ቆመው እንደነበር ይነግረን ነበር። ዲትሮይት ላይ ማስል ካርን የገደለው ነገርና አዲስ አበባ ላይ የታክሲውን ሾፌር መንገድ ላይ ያቆመው ነገር አንድ መሆኑን ያወቅኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፣ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ባገኝ ሌሊቱን ሙሉ ባወራ ደስ ይለኛል።

ወደ ደስተሯ ልመለስ። ፕሊመዝ የሚባል መኪና አሁን የለም፣ በ2001 ተዘግቷል። ደስተር የተሠራችው በትንሽ ባጀት፣ ቫሊያንት ከሚባለው ከሌላው የፕሊመዝ መኪና ላይ ነው፣ ፊቷ የቫሊያንት ነው፣ ከኋላ ብቻ ነው የተቀየረችው። 340 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ያላት ግን ፋብሪካው 275 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈላት ከሌሎቹ በዋጋ ረከስ ያለች፣ ትንሽና ቀላል፣ እኔ በግሌ ከሁሉም የበለጠች የምላት ናት። ሄሚዎቹን ሰብሳቢዎች ወሰዷቸው፣ ዛሬ አንዱ ሄሚ ጨረታ ላይ የሚያወጣው ብር ቤት ይገዛል፣ እኔ የገዛኋት ግን ሞተር ያልነበራት፣ ወለሏ በዝገት የተበሳ፣ የአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ሳር የበቀለባት ቀፎ ነች። ወለሉን ላሜራ ቆርጬ በየድሁት፣ ሞተሩን ከሌላ ቦታ አግኝቼ ብሎኩን ማሽን ሾፕ አስቦረቦርኩ፣ ፒስተን፣ ቢላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ)፣ ኩሽኔታ፣ ካምሻፍት፣ አንድ በአንድ፣ ደሞዝ በመጣ ቁጥር። ባለቤቴ አንድም ቀን "በቃህ" ብላኝ አታውቅም፣ ለዚህ እግዚአብሔር ይስጣት።

ሞተሩ መጀመሪያ የተነሳ ቀን ምን እንደተሰማኝ መጻፍ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ካርቡራተሩን ባለ 4 አፍ ሆሊ አድርጌ፣ ታይሚንጉን (እሳቱ የሚለቀቅበትን ጊዜ) 34 ዲግሪ ላይ ቆልፌ፣ ካንዴላ አውጥቼ እያነበብኩ። ካንዴላ ይነበባል እኮ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷታል፣ ጥቁር ጥላሸት ካለበት በዝቶባታል፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሠላም ናት። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ኮድ ታነባለህ፣ እኔም ቀን ቀን የማደርገው እሱን ነው፣ አልቃወምም። ግን ኮዱ የሚነግርህ ሴንሰሩ ያየውን ነው፣ ካንዴላው ግን ራሱ እሳቱ ውስጥ የነበረ ነው።

ውድድር ሲባል ሰው የሚመስለው ጎዳና ላይ መሽቀዳደም ነው። ይኼን በግልጽ ልናገር፣ የጎዳና ውድድር እጠላለሁ። እዚህ ሀይዌይ ላይ ማታ ማታ በዶጅ ቻርጀር የሚሽቀዳደሙ ልጆች አሉ፣ የእኛም ልጆች አሉበት፣ የሰው እናት ከሥራ እየተመለሰች ባለችበት መንገድ ላይ። ጀግንነት አይደለም። ፈጣን መሆን የፈለገ ልጅ ደቡብ ሜሪላንድ በድስ ክሪክ ያለው የድራግ ሜዳ ይሂድ፣ አምቡላንስ ቆሞ፣ ሄልሜት ተደርጎ፣ ሰዓት በትክክል ተለክቶ። እኔም እዛ ነው የምሄደው።

ርቀቱ ሩብ ማይል ነው፣ 402 ሜትር። እዛ ለእንደ እኔ ዓይነቱ የተመቸው ብራኬት ሬሲንግ የሚሉት ነው፣ እና ይኼን ጨዋታ ለሜካኒክ ሲባል የፈጠሩት ነው የሚመስለኝ። መኪናህ ስንት ሰከንድ እንደምትሄድ አስቀድመህ ትናገራለህ፣ መስታወትህ ላይ ትጽፋለህ። ቀርፋፋዋ መኪና በልዩነቱ ያህል ቀድማ ትለቀቃለች። ቢጫዎቹ ሦስት መብራቶች በግማሽ ግማሽ ሰከንድ ይወርዳሉ፣ አረንጓዴ፣ ሂድ። ቀድመህ ከተነሳህ ቀይ ይበራብሃል፣ ወድቀሃል። ዋናው ነገር ግን እዚህ ነው፣ ከተናገርከው ሰዓት በላይ ከፈጠንክም ትሸነፋለህ! ስለዚህ የሚያሸንፈው መኪናውን የሚያውቅ ሰው ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ አየር ላይ የሄደችበት ሰዓት ከሰዓት በኋላ በሐምሌ ሙቀት አይደገምም፣ አየሩ ይሳሳል፣ ትዘገያለች፣ ይኼን ቀድመህ ገምተህ ቁጥሩን መቀየር አለብህ። አንድ ሽማግሌ ነጭ አሜሪካዊ፣ ዕድሜውን እዛ ሜዳ ላይ የጨረሰ ሰው፣ ደስተሯን ካየ በኋላ "መኪናህ ፈጣን ናት፣ ግን ሁሌ አንድ ዓይነት አትሮጥም፣ እሱን ፈልግ" አለኝ። ወደ ቤት ተመልሼ የፈረንጁን ክረምት ሙሉ የሠራሁት እሱን ነው። አንድም የፈረስ ጉልበት አልጨመርኩም። የቤንዚን ፓምፑን ግፊት አስተካከልኩ፣ የሞተሩን ሙቀት ከመስመሩ በፊት ሁሌ እኩል ማድረግ ተማርኩ፣ የጎማውን አየር በመለኪያ አስለመድኩ። በሚቀጥለው ዓመት ማሸነፍ ጀመርኩ።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ፣ ይኼን ጽሑፍ ያለ እሱ ልጽፈው አልችልም ነበር።

ዌንደል ስኮት ይባላል። በ1921 ዳንቪል ቨርጂኒያ ተወለደ፣ እኔ ካለሁበት በመኪና ከአራት ሰዓት በላይ ወደ ደቡብ ነው። ጥቁር ነው፣ ሜካኒክ ነው። ሙያውን ከአባቱ ተማረ፣ ታክሲ ነዳ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ውስጥ በሜካኒክነት አገለገለ፣ ሲመለስ ጋራዥ ከፈተ፣ ማታ ማታ ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚወጣ አረቄ ያመላልስ ነበር። አረቄ የሚያመላልስ ሰው መኪናው ከፖሊስ መኪና መፍጠን አለበት፣ እሱ ደግሞ መኪናውን የሚሠራው ራሱ ነው። በ1952 የዳንቪል የውድድር አዘጋጆች ተመልካች ለመሳብ ጥቁር ሾፌር ሲፈልጉ ፖሊሶቹን ጠየቁ ይባላል፣ ፖሊሶቹም የእሱን ስም ሰጡ፣ ምክንያቱም ሊይዙት ሲሞክሩ ያውቁታል።

ቀላል አልነበረም። ዘር መለያየት ሕግ በሆነበት ደቡብ ነው። ከሜዳ መለሱት፣ ሰደቡት፣ ሆን ብለው ገጩት። ትልቅ ስፖንሰር አግኝቶ አያውቅም። ከ1961 ጀምሮ በናስካር (የአሜሪካ የመኪና ውድድር ድርጅት) ትልቁ ውድድር ውስጥ ሲሮጥ ሌሎቹ ከፋብሪካ አዲስ ሞተርና ደሞዝተኛ ሠራተኛ ይዘው ይመጣሉ፣ እሱ ያገለገለ መኪና ገዝቶ፣ ሌሎች የጣሉትን መለዋወጫ አድሶ፣ ከልጆቹ ጋር እየሠራ፣ ራሱ እየነዳ፣ ሲበላሽ ራሱ እየገባበት። በዚህ ሁኔታ 495 ውድድር ጀመረ፣ 147ቱን ከአስሩ ውስጥ ሆኖ ጨረሰ። ሜካኒክ የሆነ ሰው ይኼን ቁጥር ሲሰማ ምን እንደሆነ ይገባዋል። መኪና መጨረስ ማለት ምንም አልተሰበረም ማለት ነው፣ ወይም ሊሰበር ያለውን ቀድመህ አውቀህበታል ማለት ነው፣ በአሮጌ እቃ፣ በየሳምንቱ።

ታኅሣሥ 1 ቀን 1963 ጃክሰንቪል ፍሎሪዳ፣ ግማሽ ማይል አፈር ሜዳ። ስኮት ከሌላው ሾፌር ከኔድ ጃሬት የገዛው የ1962 ቼቭሮሌት ይዞ አሸነፈ። የአሸናፊው ባንዲራ ግን አልወረደለትም። ቀጥሎ የመጣው ባክ ቤከር አሸናፊ ተባለ፣ ዋንጫ ተሰጠው፣ ሥነ ሥርዓቱ ተደረገ፣ ሕዝቡ ተበተነ። ከሰዓታት በኋላ አዘጋጆቹ የቆጠራ ስህተት ነው፣ ስኮት እንደውም በሁለት ዙር ቀድሞ ነበር ብለው አመኑ። ብሩ ተከፈለው። ዋንጫው ግን ሄዷል። ስኮት ራሱ እንደሚለው ጥቁር ሰው አሸናፊ ሆኖ ነጭ ቆንጆዋን ልጅ በሕዝብ ፊት እንዲስም ስላልፈለጉ ነው። በ1973 ታላዴጋ የሚባለው የውድድር ሜዳ ላይ በደረሰበት ከባድ አደጋ ምክንያት በመደበኛነት መወዳደሩን ተወ፣ በ1990 አረፈ፣ በ2015 ናስካር የዝና አዳራሹ ውስጥ አስገባው፣ ናስካር የዛን ቀን ዋንጫ ለቤተሰቡ የሰጠው በ2021 ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ገደማ።

ዳንቪል ሄጄ ለመታሰቢያው የቆመውን ሰሌዳ አይቻለሁ፣ ልጄን ይዤ። ልጄ ሰሌዳውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፣ ከዛ የጠየቀችኝ ስለ ዋንጫው አልነበረም፣ "መኪናውን ማን ነበር የሚሠራለት?" ነው። "ራሱ" አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና "ታዲያ እሱ ነዋ ያሸነፈው" አለች። እኔ ልል የምፈልገውን ነው ያለችው። ዋንጫውን ወሰዱበት፣ ሞተሩን ግን ሊወስዱበት አልቻሉም፣ ያ ቼቭሮሌት ጃክሰንቪል ከመድረሱ በፊት ዳንቪል ጋራዥ ውስጥ አሸንፎ ነበር። ከቀረቡት ሁሉ ያነሰ ገንዘብ ይዞ ከሁሉም በላይ መኪናውን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ስደተኛ ሜካኒክ ስለሆንኩ ይሆናል እንደዚህ የሚሰማኝ። እዚህ ስንመጣ ቋንቋችንን፣ ወረቀታችንን፣ የነበረንን ማዕረግ ሁሉ የሚያጠያይቅ አለ። ተሸከርካሪ ላይ ስትቀርብ ግን ብሎኑ ከየት መጣህ አይልህም። ወይ በትክክል አጥብቀኸዋል ወይ አላጠበቅከውም።

በ2023 መጨረሻ ዶጅ የድሮውን ዓይነት ቻሌንጀርና ቻርጀር ማምረት አቆመ፣ የቼቭሮሌት ካማሮም በዛው ሰሞን ቆመ። ኤሌክትሪክ መኪኖች ከእኔ ደስተር ሲነሱ እንደሚፈጥኑ አውቃለሁ፣ ሜዳ ላይ አይቻለሁ፣ ያስደንቃሉ። የሚያሳስበኝ ፍጥነቱ አይደለም፣ ተለማማጁ ልጅ ነው። ጋሼ እኔን ያስተማረው ተፈትቶ በሚታይ ነገር ላይ ነው፣ ፈትቼ፣ አይቼ፣ ገጥሜ። ዛሬ የታሸገ ባትሪና የተቆለፈ ሶፍትዌር ላይ ልጅ እጁን ምን ላይ ያሳርፍ? ለዚህ ነው አሮጌ መኪና ለጀማሪ ይሻላል የምለው። ሄሚ አይደለም፣ ባለ 6 ሲሊንደር አሮጌ ቫሊያንት ይበቃል፣ ካርቡራተር ያለው፣ ኮፈኑ ሲከፈት መሬቱ የሚታይ። እኔ ጋ የሚመጡ የሰፈር ልጆች አሉ፣ መጀመሪያ የማስጨብጣቸው ቁልፍ ሳይሆን ያቺን ረጅም ካቻቢቴ ነው፣ ጆሯቸው ላይ።

ልጄ አሁን ከሁሉም ትበልጣለች። ካንዴላ ታነባለች፣ ቫልቭ ታስተካክላለች። ዘንድሮ ክረምት የተከራከርነው ስለ ዲፍሬንሻል ነው። ያለው 3.23 ነው (ጎማው አንዴ ሲዞር ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ማለት ነው)፣ እኔ 3.91 ይግባ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም በዚህ ጎማ በሰዓት 100 ማይል ላይ መስመሩን ስናልፍ ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር አካባቢ ይሆናል፣ 340ው ጉልበቱን የሚሰጠው ደግሞ እዛው ነው። እሷ ደግሞ መኪናዋን በተጎታች ሳይሆን እየነዳናት ነው ሜዳ የምንሄደው፣ በ3.91 ሀይዌይ ላይ በ70 ማይል ከ3,500 ዙር በላይ እየጮኸች ነው የምትደርሰው፣ 3.55 ይሁን ትላለች፣ ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሠርታ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። አልተስማማንም። ዲፍሬንሻሉ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሜዳው ሳይከፈት መጠቅለል አለበት።